ውሃልክና ቆፋሪው ዓሣ

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያ የሚያወጡለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሌላው ሁሉ ውሃልክ ይለዋል። ግንበኛ ነው፤ የግንብ መቃናት የሚለካባት፣ በሆዷ አረፋ የያዘች መሣሪያ ከእጁ ስለማትለይ ቅጽል ስሙ እዚያው ሥራ ቦታ ወጣለት። ከሥራ ውጭም ቢሆን ዐይኑ አያርፍም። ሰው ቤት ተጋብዞ ሄዶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ጋደል ብሎ ካየ፣ የቀረበለትን ትቶ ብድግ ይልና ያቃናዋል። ሐኪም ቤት ተኝቶ እንኳ "ይሄ የመድኃኒት መደርደሪያ ወደ ግራ አዘንብሏል" እያለ ነርሶቹን ሰላም ነስቷቸው ነበር።

ሐኪም ቤት የተኛው ጉልበቱን ተጎድቶ ነው። ከሚሠራ ፎቅ መወጣጫ እንጨት ላይ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ሰው ሁሉ ባዘነለት፤ የወደቀው ግን ከገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ፣ የጣሪያውን ጠርዝ አንጋጦ እያየ ሲወርድ ነው። ጉልበቱ ተጠገነ። ሐኪሙም "ከእንግዲህ ድንጋይና ሲሚንቶ መሸከም የለም" ብሎ አሰናበተው። ጉልበቱ ዳነ፤ ቤት መዋሉ ግን ሊገድለው ደረሰ።

እውነቱን ለመናገር ለመሞት የቀረበችው ሚስቱ ናት። አዋላጅ ነርስ ነች፤ ሰፈሩ በሙሉ "ሲስተር" ይላታል፤ ባሏም ጥፋት ሲኖርበት "ሲስተር" ይላታል። ሥራ ውላ ስትገባ አንድ ቀን ድስቶቹ በቁመት ተሰልፈው ታገኛለች፤ በማግስቱ የቁም ሣጥኑ በር ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል።

"አንተ ሰውዬ" አለችው አንድ ማታ፣ ማንኪያ ፍለጋ መሳቢያውን ሁሉ ከፍታ ከዘጋች በኋላ፣ "እኔ ቀኑን ሙሉ ሳዋልድ ውዬ፣ በገዛ ቤቴ መንገድ ጠይቄ ነው የምገባው?"

አንዲት ልጅ አለቻቸው። ስታገባ ውሃልክ ማንንም ሳያማክር ከጓሮ ሁለት ክፍል ሠራላት። ግድግዳው ወፍራም፣ ወለሉ እንደ መስታወት፣ በሩ በአንድ ጣት የሚገፋ። ልጅቷ አየችው፣ ዞረችው፣ አባቷን ሳመችው፤ ከዚያም ከባሏ ጋር ከከተማው ማዶ ጠባብ አፓርታማ ተከራየች። "አባዬ፣ ቤቱ በጣም ቆንጆ ነው፤ ግን የራሳችንን ነገር እንሞክር" ነበር ያለችው። ቃሏ ለስላሳ ነው፤ እሱ ላይ ግን እንደ ድንጋይ ነው ያረፈው። ልጁን መቀየም ስለማይሆንለት አማቹን ተቀየመ። አማቹ የሙዚቃ መምህር ነው፤ ጥሩምባ ነፊ። "ጥሩምባ የሚነፋ ሰው ስለ ቤት ምን ያውቃል?" ይል ነበር ውሃልክ፣ ለሰማውም ላልሰማውም።

ልጅቷ የባሕር ዓሦች የምታረባበት የመስታወት ገንዳ ነበራት። አዲሱ አፓርታማ ደረጃው ጠባብ ሆኖ አላሳልፍ ስላለ፣ "ለጊዜው እናንተ ጋ ይቀመጥ" ብላ ሳሎናቸው ውስጥ ተወችው። ገንዳው ሰው ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ሲዘረጋ የሚያክል ርዝመት አለው፤ ውስጡ የተከመሩ ድንጋዮች፣ ስስ ነጭ አሸዋና ቀኑን ሙሉ የሚነታረኩ ብርቱካንማ ዓሦች አሉ። ውሃው ጨዋማ ነው፤ የተጣራ ውሃ ውስጥ ከሱቅ የሚገዛ የባሕር ጨው እየተበጠበጠ ነው የሚዘጋጀው። ውሃልክ በመጀመሪያው ቀን ውሃልኩን ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ለካና "እሺ፣ ይሄ እንኳ ደህና ነው" ብሎ ተወው።

ጨው ሲያልቅ ልጅቷ ወደ ዓሣ ሱቅ አባቷን ይዛ ሄደች። እናቷ "እባክሽ ለአንድ አፍታ ይዘሽልኝ ውጪ" ብላ ለምናት ነው።

ባለሱቋ የላስቲክ ቦት የተጫማች፣ እጅጌዋ እስከ ክርኗ የረጠበ ሴት ናት። ልጅቷ ከእሷ ጋር ስለ ጨው ስታወራ ውሃልክ ጥግ ላይ ካለች ትንሽ ገንዳ ፊት ተተክሎ ቀረ። ከአሸዋው ላይ ጭንቅላት ብቻ ብቅ ብሏል። ቢጫ ጭንቅላት፣ የፈጠጡ ዐይኖች፣ ከፊቱ የሚሰፋ አፍ። ጭንቅላቱ ወደ ጉድጓዱ ሰመጠ፤ ሲመለስ አፉን አሸዋ ሞልቶታል። ራቅ አድርጎ ተፋውና ደግሞ ገባ። ወዲያው ወጥቶ አንዲት የዛጎል ስባሪ በአፉ አነሣና የጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀመጣት። አያት። አልጣመችውም፤ አነሣትና አዙሮ አስቀመጣት።

"ይሄ እኮ መሠረት እያወጣ ነው!" አለ ውሃልክ፣ ሱቁ በሙሉ እስኪሰማ።

"አገጮ እንለዋለን" አለች ባለሱቋ እየቀረበች። "ቤቱን ራሱ ቆፍሮ ነው የሚኖረው። ግን ጋሼ፣ እናንተ ጋ አሸዋው እንዴት ነው?"

"አሸዋ አለው።"

"መኖሩን አይደለም የጠየቅኩዎት፤ ጥልቀቱን ነው። ለእሱ እኮ..."

"ስሚ የኔ ልጅ፣ ስለ አሸዋ ነው እኔን የምታስተምሪኝ? ዕድሜዬን በሙሉ አሸዋ ስነፋ ኖሬ?"

ባለሱቋ ልጅቷን አየቻት፤ ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች። አገጮ በላስቲክ ከረጢት ታስሮ ወደ አዲሱ ቤቱ ተሸኘ።

ቤቱ ግን ቤት አልሆነለትም። የገንዳው አሸዋ ከጣት ውፍረት አይበልጥም። አገጮ አንድ ሁለቴ ጎርሶ ሲተፋ ከታች ያለው መስታወት ተገለጠ። ሌላ ቦታ ሞከረ፤ ጠርዙ እየተናደ ሞላበት። ብርቱካንማዎቹ ደግሞ እንግዳ መጣብን ብለው በየሄደበት ይነክሱታል። በመጨረሻ ከፓምፑ ጀርባ ተሸጉጦ ቀረ። ቢጫው ደበዘዘ፤ ምግብ ሲጣልለትም ዘወር አይልም።

"ይለምዳል" አለ ውሃልክ። "አዲስ ሰፈር ሲገቡ እንዲህ ነው።"

በማግስቱ ማለዳ ሲስተር ለሥራ ልትወጣ ጫማዋን ስትፈልግ፣ ከጫማ መደርደሪያው ሥር አንድ ነገር ፈራገጠ። ጎንበስ ብላ አየች። አቧራ ለብሶ፣ አፉን እየከፈተ እየዘጋ፣ አገጮ። ገንዳው ክዳን አልነበረውም፤ ዓሣው ቆፍሮ መደበቅ ቢያቅተው ዘሎ መሄድን መረጠ።

ሲስተር የሚያሙለጨልጭ ነገር ይዛ መጣል አታውቅም፤ የኖረችበት ሥራ ነው። እጇን ገንዳው ውስጥ ነክራ አረጠበች፣ ዓሣውን በመዳፏ አቅፋ አነሣችው፣ ውሃው ውስጥም ከፓምፑ የሚወጣው ጅረት ፊት አድርጋ ያዘችው። "ተንፍስ! ተንፍስ አንተ! በርታ፣ እንደሱ!" ትላለች፣ ልክ በሥራ ቦታዋ ሕፃን ሲዘገይባት እንደምትለው። አገጮ ለጥቂት ጊዜ እንደ ጨርቅ ተዘረጋ። ከዚያ ጅራቱ ተወዛወዘ፤ ከእጇ አመለጠና ወደ ድንጋዮቹ ተሰወረ።

ውሃልክ በአንድ እግሩ ካልሲ አድርጎ እያነከሰ ከመኝታ ቤት ደረሰ።

"ሲስተር..." ብሎ ጀመረ።

"ሲስተር አትበለኝ! ወይ የሚኖርበትን አዘጋጅለት፣ ወይ ወዳመጣህበት መልሰው። እኔ ቤት ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር ከጫማ ሥር አይሞትም!" ብላ በሩን ዘግታው ወጣች። የዚያን ቀን ነጭ ጋውኗ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎ ነው የዋለው።

ውሃልክ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደ። ባለሱቋ ገንዳ እያጠበች ነበር። አጠገቧ ሄዶ ቆመ።

"ያን ቀን ስለ ጥልቀት የጀመርሽውን ነገር... እስቲ ጨርሺልኝ።"

ባለሱቋ አልሳቀችም፤ ጨዋ ናት። ስፖንጇን አስቀምጣ ነገረችው። አሸዋው ስንዝር ይሙላ፤ ጥግ ላይ ቢጨምር ደግሞ የተሻለ። ደቃቅ ብቻ ከሆነ ጉድጓዱ ይናዳል፤ ደቃቁ ከሻካራው፣ ከጠጠርና ከዛጎል ስባሪ ጋር ይቀላቀል። ድንጋዮቹ አሸዋው ላይ ሳይሆን ታች መስታወቱ ላይ ይቀመጡ፤ አለበለዚያ እሱ ከሥራቸው ሲቆፍር ተንደው ይጫኑታል። ከላይ ውሃ የማያበላሽ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ይወጠር። ለጥቂት ቀን መብራቱ ይደብዝዝ፣ ምግቡም ጉድጓዱ አጠገብ ይጣልለት።

"ይሄ እኮ ኮንክሪት ነው" አለ ውሃልክ ዐይኑ እያበራ። "ደቃቁ ሻካራውን ያያይዘዋል፣ ጠጠሩ ይሸከመዋል!"

"ሲሚንቶ እንዳያስገቡ ብቻ፣ ጋሼ" አለች ባለሱቋ፤ አሁን ሣቋ አመለጣት።

የባሕር አሸዋውን ገዝቶ መጥቶ ከጓሮ ባዶዎቹን ክፍሎች ከፈተ። ወንፊቱን፣ ባልዲውን፣ በርጩማውን ደረደረ። አሸዋውን ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ አጠበ። ለብዙ ጊዜ ያልተሰማ ፉጨት ከዚያ ክፍል ተሰማ። ዓሦቹን በባልዲ አዛውሮ፣ ድንጋዮቹን አውጥቶ ከታች አደላድሎ፣ አሸዋውን ቀስ እያለ በቱቦ አፈሰሰው። ውሃው እስኪጠራ ሳሎኑ ውስጥ ጭጋግ የወረደ ይመስል ነበር።

እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ግን ውሃልክ ነው። "ለምን ይልፋ?" አለና ቤቱን ራሱ ሠራለት። ቁርጥራጭ ቱቦ አገጣጥሞ፣ ዙሪያውን ዓሣ በማይጎዳ ማጣበቂያ ድንጋይ ለብጦ፣ መግቢያና መኝታ አውጥቶ፣ አሸዋው መሐል ቀበረው። በዚያችው ውሃልኩ ለክቶ ነው የቀበረው።

አገጮ ወደ መግቢያው ቀረበ። አየ። ወደ ውስጥም ጭንቅላቱን አስገባ። ከዚያ አሸዋ እየጎረሰ እየመጣ ቱቦውን እስከ አፉ ሞላው። ያን ጨርሶ፣ ዘንበል ካለው ድንጋይ ሥር፣ ውሃልክ "እዚያ ጋ እንኳ ማንም አይሠራም" ካለው ማዕዘን ላይ መቆፈር ጀመረ።

ውሃልክ ተናደደ። "ኧረ አንተ ሰው፣ እዚያ ጋ ይደረመስብሃል!" እያለ እጁን ከትቶ ድንጋዩን ሊያቃና ሲል፣ አገጮ ደንግጦ ፓምፕ ጀርባ ተመልሶ ገባ።

ሲስተር ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ ታይ ነበር። "ምጥ የያዛት ሴት አልጋ የሚያዞር ሰው አይተህ ታውቃለህ?" አለችው።

"አላየሁም።"

"እኔ አይቻለሁ። አባቶች ናቸው። ከክፍሉ ነው የማስወጣቸው።"

ውሃልክ እጁን ከውሃው አወጣ። ቱቦውንም በዝግታ ነቅሎ አወጣው። ወንበር አምጥቶ ተቀመጠና፣ ሁለት እጁን ከጭኑ ሥር ሸጉጦ ማየት ያዘ። እንዲህ ሲቀመጥ ሚስቱ ከተጋቡ ወዲህ አይታው አታውቅም።

አገጮ ወጣ። ቆፈረ። ጎረሰ፣ ተፋ፣ ጎረሰ፣ ተፋ። ሻካራውን ለጎን፣ ደቃቁን ለውጭ ይለየዋል። ጠርዙ ሲንሸራተት ጠጠር እያመጣ ይደግፈዋል። ውሃልክ ልቡ አልቻለም፤ ካጠራቀማቸው ዛጎሎች ቆንጆ ቆንጆዎቹን፣ ጠፍጣፋዎቹን መርጦ አጠገቡ ጣለለት። አገጮ አንድ በአንድ አንሥቶ ወዲያ ወረወራቸው። የተጣመመች፣ ጫፏ የተሸረፈች የቀንድ አውጣ ቅርፊት ስትወድቅለት ግን በደስታ ተቀብሎ በሩ ላይ ተከላት።

"ዕድሜዬን ካቦ ሆኜ ሠራተኛ ሳዝዝ ኖሬ" አለ ውሃልክ ለሚስቱ፣ "በስተርጅና ለዓሣ የቀን ሠራተኛ ልሁን?"

ግን እየሣቀ ነው የተናገረው። ሲመሽ አገጮ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ በሩን በድንጋይ ዘጋ። ያን ሲያይ ውሃልክ እንደ ልጅ እያጨበጨበ "ዘጋ! ዘጋ!" ብሎ ሚስቱን ከወጥ ቤት ጠራት።

ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ልጁ ቤት ሄደ። ከተከራየች ጀምሮ ደጇን አልረገጠም ነበር። የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ቢያንኳኳ በሩን የከፈተችው ልጁ ሣጥኑን አየችና ፊቷ ጨለመ።

"አባዬ፣ ምን ልታፈርስ ነው የመጣኸው?"

"ምንም። የሚቀበለኝ ካለ ላቀብል ነው።"

አማቹ ውስጥ የመጽሐፍ መደርደሪያ እየሰቀለ ነበር። አማቱን ሲያይ መዶሻው ከእጁ ሊወድቅ ደረሰ። ውሃልክ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ምስማር ማቀበል ጀመረ። አማቹ ሰቅሎ ሲጨርስ መደርደሪያው ወደ በሩ በኩል ጎንበስ ብሎ ሰላምታ የሚሰጥ ይመስል ነበር። ሦስቱም ቆመው አዩት።

"ጥሩ ነው" አለ ውሃልክ። ቃሉ ጉሮሮውን እየቧጠጠ ነው የወጣው። "መጽሐፍ ይይዛል።"

አማቹ ሳቀ፤ የእፎይታ ሳቅ። ሻይ ሲጠጡ ጎረቤቶቹ በጥሩምባው እንዳማረሩበት፣ የሚለማመድበት ቦታ እንዳጣ አጫወተው። ውሃልክ ትንሽ አሰበና "እኔ ጋ ከጓሮ ሁለት ክፍል አለ" አለ። "ግድግዳው ወፍራም ነው። አንዱ ውስጥ አሸዋ እነፋለሁ፤ አንዱ ባዶ ነው። ከፈለግህ ማለቴ ነው።"

አማቹ ፈለገ። ስለዚህ ከሥራ መልስ እየመጣ በአንደኛው ክፍል ጥሩምባ ይነፋል፤ በሌላው ውሃልክ አሸዋ ይነፋል። ሲስተር "ሁለት ነፊ አሳድራለሁ" እያለች ለሥራ ባልደረቦቿ ታወራ ጀመር።

ባለሱቋ ለአገጮ ሚስት አፈላልጋ ላከችለት። ሁለቱ ጥቂት ቀን በሩቁ ሲተያዩ ሰነበቱና፣ ሴቲቱ ከጎኑ ጉድጓዷን ቆፈረች። ብዙም ሳይቆይ ውሃልክ አገጮ ምግብ መተዉን፣ አገጩም ማበጡን አየ። አፉ አልገጥም ብሎታል። ደንግጦ ሚስቱን ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት።

"ዕጢ ወጥቶበታል! ነይ እይው!"

ሲስተር መነጽሯን አድርጋ ገንዳው ላይ አጎነበሰች። አገጮ አፉን ሲከፍት ውስጡ እንደ ዘለላ የተጣበቁ ቅንጣቶች ታዩ፤ እያንዳንዷ ላይ ጥቃቅን የሚያብረቀርቁ ነጥቦች አሉ። ብቅ አድርጎ ተፋቸው፣ አገላበጣቸው፣ መልሶ ጎረሳቸው። ሲስተር በሳቅ ፈረሰች።

"ምን ዕጢ ነው የምትለኝ! ዐይን ናቸው እኮ! ዕንቁላል ታቅፎ ነው። ወንዱ ነው የሚያረግዘው ማለት ነው?"

"ወንዱ?" አለ ውሃልክ።

"ወንዱ። ምግብ ትቶ፣ አፉን ዘግቶ። ኧረ እንዲህ ዓይነት ባል የት ይገኛል!"

ወሬው ለልጅቷ ደረሰ። እሷና ባሏ ማታ ማታ እየመጡ ገንዳው ፊት ተደርድረው መቀመጥ ጀመሩ። ባለሱቋ ጫጩቶቹ መብራት ሲጠፋ እንደሚወጡ፣ ካልተነሡም ሌሎቹ ዓሦች እንደሚበሏቸው አስጠንቅቃ ነበር። ስለዚህ አንድ ምሽት ሳሎኑ ውስጥ መብራት አጥፍተው፣ አንዲት ባትሪ ብቻ በገንዳው ጥግ አብርተው ጠበቁ። አገጮ ከጉድጓዱ ብቅ አለና አፉን ከፈተ። ብናኝ የመሰሉ ነፍሶች ተበተኑና ወደ ብርሃኑ ተሰበሰቡ።

"ንፋ!" አለ ውሃልክ ለአማቹ፣ ጫጩቶቹን ወደ ባልዲ የሚያወርዱበትን ቀጭን ቱቦ እያቀበለው።

"መንፋት አይደለም አባዬ፣ መሳብ ነው!" አለች ልጅቷ።

የጥሩምባ ነፊ ሳንባ ቀላል አይደለም። አማቹ አንዴ ቢስብ ውሃው ቱቦውን አልፎ አፉን ሞላው፤ ጨው ጨው እያለ ምንጣፉ ላይ ተፋ። ሲስተር መሬት ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ቢሆንም ቱቦው መፍሰስ ጀመረ፤ ብናኞቹም ወደ ባልዲው ወረዱ።

ጫጩቶቹ ግን አልቆዩም። ልጅቷና አባቷ ለጫጩቶቹ የሚሆን ደቃቅ ምግብ ከባለሱቋ እያመጡ፣ ውሃቸውን እየቀየሩ ደከሙ፤ ግን በየቀኑ እየሳሱ ሄደው አንድ ጠዋት ባልዲው ባዶ ሆነ። ባለሱቋም "ለማሳደግ በጣም የሚያስቸግሩ ናቸው፤ እኔም አንድም አሳድጌ አላውቅም" አለች። ውሃልክ ባልዲውን አጥቦ ደፋና ገንዳው ፊት ተቀመጠ። ልጁ አጠገቡ ተቀምጣ ትከሻው ላይ ተደገፈች። ፊት ለፊታቸው አገጮ የረሃቡን ያካክስ ይመስል የተጣለለትን ሁሉ ይውጣል።

ባለሱቋ ከዚያ ወዲህ ቆፋሪ ዓሣ የሚገዛ ሰው ሲመጣላት "መጀመሪያ ጋሼን ያናግሩ" ትላለች። ውሃልክም ወንፊቱን ይዞ በየሰው ቤት ይዞራል፤ ሲስተርም ድስቶቿን ባስቀመጠችበት ታገኛለች። ሰሞኑን ባለሱቋ የላከችው ወደ አንድ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰውየው ደንበኛ እያስተናገደበት ካለው ወንበር ጎን ገንዳ አለው፤ በጣም ተበሳጭቷል።

"ባለሱቋ የሸጠችልኝ ዓሣ በየማታው ይጠፋል" አለ መቀሱን አየር ላይ ቀጭ ቀጭ እያደረገ። "አሸዋውን በማንኪያ ቆፍሬ ሳወጣው ይርበደበዳል። ታሟል መሰለኝ።"

ውሃልክ ጎንበስ ብሎ አሸዋውን በጣቱ አሸው። ጠጠር የበዛበት ነው።

"አልታመመም። የእኔው ዓይነት አይደለም፤ ጉድጓድ አይሠራም። ሲመሽ አሸዋውን እንደ ብርድ ልብስ ለብሶ ይተኛል። አንተ ደግሞ በየማታው በማንኪያ ትቀሰቅሰዋለህ።"

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው፣ ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠ ደንበኛ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ዝቅ አደረገ።

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ጠጠሩን አንሣለት፤ ሆዱን ይቧጭረዋል። ልስልሱን አሸዋ እኔ አጥቤ ነገ አመጣለሁ። ከዚያ ሲመሽ መብራቱን አጥፋና ተወው፤ ጠዋት ራሱ ይነሣል።" ውሃልክ ባዶ ወንበር ላይ ዐረፍ አለና በመስታወቱ ራሱን አየ። "እስከዚያው የእኔንም ፀጉር ከጎን በኩል ትንሽ አንሣልኝ።"